የመለኪያ ቀን ሾርባ

በተራራማዋ መንደራችን በኦኩሳዋ የሚሶ ሾርባ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የምንጠጣው፣ ሌላው የምናስለካው። የምንጠጣውን የተማርነው ከእናቶቻችን ነው። በረዶው ከሰው ቁመት በላይ በሚቆለልበት ተራራ ላይ ጨው ያልገባው ምግብ አይከርምም፤ ጎመኑም ዓሣውም ጨው ውስጥ ይቀበራል፣ ሚሶውም ከአኩሪ አተርና ከጨው ተደባልቆ በርሜል ውስጥ ይብላላል። የምናስለካው ሾርባ ግን የመጣው ከነርስ ሚኖዋ ጋር ነው።

ነርስ ሚኖዋ የማዘጋጃ ቤታችን የጤና ነርስ ናት። ገና ልጅ እግር ሆና ስትመጣ ደም ግፊት ሰው ያልጣለበት ቤት ፈልጎ ማግኘት ያስቸግር ነበር። እሷ ግን እንደ ቀደሙት ነርሶች በወረቀት አላስፈራራችንም። ከየሰፈሩ ሴቶችን በተራ መርጣ፣ ከማንኪያ የማይበልጥ የጨው መለኪያ አስያዘቻቸውና ቤት ለቤት ላከቻቸው። የመለኪያው ጫፍ ሾርባ ውስጥ ሲነከር ቁጥር ያወጣል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ለካይዋ የቤቱን እመቤት መምከር አለባት። ሥራው ደመወዝ የለውም፤ ተራው ሲደርስም እምቢ አይባልም።

ከልኬቱ በፊት በየምሰሶው ላይ የተሰቀለው የማዘጋጃ ቤቱ ድምፅ ማጉያ ይናገራል። «ነገ ጠዋት በላይኛው ሰፈር የሾርባ ልኬት ይካሄዳል፤ ትብብራችሁን በአክብሮት እንጠይቃለን።» ይህን የሰማች የላይኛው ሰፈር ሴት ሁሉ በማግስቱ ሾርባዋን ሠርታ ስታበቃ ማንቆርቆሪያውን አንስታ የፈላ ውሃ ትቸልስበታለች።

የውጭ ሰው ይህን ቢሰማ ማጭበርበር ይለዋል። አይደለም። ለካይዋ የጎረቤት ምራት ናት። በእናንተ ጨው ምክንያት አንዲት ልጅ ደጃችሁ ድረስ መጥታ እናቷ የምትሆነውን ሴት እንድትመክር ማስገደድ፣ ልጅቷን ማስጨነቅ ነው። እኛ ደግሞ እንሞታለን እንጂ ሰው አናስቸግርም። እስካሁን የማውቀው ሁሉ እንደዚያው ነው የሞተው።

አንድ የመለኪያ ቀን ጠዋት ሚስቴን ኪኑዮን፣ «ይሄ ሾርባ ነው ወይስ ድስቱን ያለቀለቅሽበት?» አልኳት።

«ዝም ብለህ ጠጣ፤ ሃሩኤ ትመጣለች።»

«ትምጣ። የምንጠጣውን ትለካ።»

«ልጅቷ ገና በጠዋቱ እኔን ለመምከር ፊቷ ይቅላ? ነውር አታውቅም አንተ ሰውዬ?»

ነውር አውቃለሁ፤ ጠጣሁት። የጎረቤታችን ምራት ሃሩኤ መጥታ ለካች፣ ቁጥሩን አይታ ደስ አላት፣ ኪኑዮም ደስ አላት፣ ሁለቱ እየተጎነባበሱ በር ድረስ ተሸኛኙ። በማግስቱ ሾርባችን ወደ ጨውነቱ ተመለሰ።

እኔ ቶራዞ እባላለሁ። ጡረታ እስክወጣ የበረዶ መጥረጊያ መኪና ነጂ ነበርኩ። መንደራችንን ከወዲያኛው ከተማ የሚያገናኘው፣ ኮማዶሜ በር በሚባለው የተራራ መተላለፊያ የሚያልፈው መንገድ የእኔ ነበር፤ ሲዘጋ የምከፍተው፣ ሊዘጋ ሲል በሽታው የሚታወቀኝ እኔ። የራሴ ኩላሊት ሲዘጋ ግን አልታወቀኝም። ነርስ ሚኖዋ ጨው ቀንስ እያለች ስትነግረኝ ኖራለች፤ እኔም ጎመኔ ላይ ከአኩሪ አተር የሚሠራውን ጨዋማ ማጣፈጫ እየደፋሁ እሺ ስላት ኖሬያለሁ። በማንም አላመካኝም።

እግዜር ይስጠው፣ በክሊኒካችን አራት አልጋ ያላት የኩላሊት እጥበት ክፍል ነበረች። ደሜ በቱቦ ወጥቶ ማሽን ውስጥ ታጥቦ ይመለስልኛል። በሳምንት ሦስት ቀን ጠዋት ገብቼ ከሰዓት በኋላ በእግሬ ቤቴ እገባለሁ። ይህ ካልሆነ መሽናት ያቃተኝ ውሃ በሰውነቴ ይጠራቀምና ሳንባዬ ድረስ ይሞላኛል። ነገሩ እንዲህ አጭር ነው፤ ማሽኑ ካለ አለሁ።

አጠገቤ ያለው አልጋ የጎንሺሮ ነበር። ጎንሺሮ የመንደሩ ፀጉር አስተካካይ ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ጭንቅላቴን የሚያውቅ።

«እኔ ቀድሜ ከሞትኩ ፀጉርህን ማን ያስተካክልልሃል?» ይለኛል ከትራሱ ላይ።

«አንተ እያበላሸኸው ኖርክ፤ ደግሞ ማን ይጨመርበት?»

«ሦስት ዘለላ ፀጉር ይዘህ ትኮራለህ! ለሱ እኮ መቀስ መምዘዙ ራሱ ያሳፍራል።»

ከማሽኑ ወዲያና ወዲህ እንዲህ ስንሰዳደብ ሰዓቱ ያልፋል። ሌሎቹ ሁለቱ ሕመምተኞች ቴሌቪዥኑ አልሰማ አለን እያሉ ይቆጣሉ።

በዚያ ዓመት በጋ ኦኩሳዋ ተሸለመች። ጨው በመቀነስ ከክፍለ ሀገሩ አንደኛ ተባልን። የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ በር ላይ «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚል ትልቅ ጨርቅ ተሰቀለ፤ ለካዮቹ እንደ ሙሽራ ለብሰው ፎቶ ተነሱ። ኪኑዮ የድሮ ለካይ ስለሆነች የፊት መስመር ላይ ነበረች። እኔም አጨበጨብኩ። የጨው ክምር ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልጥ ያለቅሳል ይባላል፤ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ አንድም ብልጥ አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ ከንቲባው ስብሰባ ጠሩ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ለመስደብም ይመች ነበር።

«ማሽኖቹ አርጅተዋል» አሉ። «መለዋወጫ የለም። ሐኪማችን ጡረታ ሊወጡ ነው። አዲስ ማሽን እንግዛ ብንል የጤና በጀታችንን ግማሹን ለአራት ሰው እናውላለን። በሌላ በኩል ደግሞ ሽልማታችን እንደሚመሰክረው መከላከሉ ሠርቷል፤ ወደፊት ታማሚ አይኖረንም። ስለዚህ የእጥበት ክፍሉን ከበረዶው በፊት እንዘጋና ገንዘቡን መከላከሉ ላይ እናውላለን። ታማሚዎቻችን በማዘጋጃ ቤቱ አውቶብስ ወዲያኛው ከተማ ሆስፒታል ይመላለሳሉ።»

አውቶብሱ የሚያልፈው በኮማዶሜ በር ነው። ኮማዶሜ በርን የማላውቅ መስሏቸው እንደሆነ አላውቅም።

ነርስ ሚኖዋ ተነሳች።

«ክቡር ከንቲባ፣ መከላከል ይቅደም ስል የኖርኩት እኔ ነኝ። ግን መከላከል የሚያድነው ነገ የሚታመመውን ነው። ጋሼ ቶራዞን ከዛሬ ጀምሮ ሾርባ አቅጥነን ብናጠጣቸው ኩላሊታቸው አይመለስም። የታመመውንም እንያዝ፣ ያልታመመውንም እንጠብቅ። አንዱን ሸጠን አንዱን አንግዛ።»

«ሁለቱንም ብንችል ማን ይጠላል?» አሉ ከንቲባው። «በጀቱ አንድ ነው። ደግሞ ነርስ ሚኖዋ፣ እኔ ያነበብኩት የራስሽን ቁጥር እኮ ነው።»

ቁጭ አለች። የውሳኔው ቀን ለሚቀጥለው ስብሰባ ተቀጠረ።

በማግስቱ ቤታችን መጣች። ኪኑዮ ሻይ ቀዳችላት፤ አልነካችውም።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለችኝ። «ሾርባው ከዓመት ዓመት ጨው እየቀነሰ መጥቷል። የሰዉ ደም ግፊት ግን ንቅንቅ አላለም። መድኃኒታቸውን አይውጡም ይሆናል እያልኩ ሰውን ስጠረጥር ኖርኩ። ምንድነው ነገሩ?»

ኪኑዮን አየኋት። ኪኑዮ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ክዳን ታስተካክላለች።

«ልንገራት?» አልኳት።

«እንዳትናገር» አለችኝ፣ ልጅቷ ፊታችን ተቀምጣ እያለ። ከዚያ በኋላማ ምኑ ይደበቃል? ራሷ ኪኑዮ አንገቷን ደፍታ፣ «በመለኪያው ቀን ውሃ እንጨምርበታለን፣ የኔ ልጅ። ሁላችንም። ለካዮቹን እንዳናስቸግር ብለን ነው» አለቻት።

ነርስ ሚኖዋ ትጮኽብናለች ብዬ ስጠብቅ፣ «ድምፅ ማጉያው ቀድሞ እንዲናገር ያደረግኩት እኔ ነኝ» አለች። «ሰው በድንገት እንዳይረበሽ ብዬ።» ከዚያ አለቀሰች። ኪኑዮም አለቀሰች። እኔ የምይዘው ቢጠፋኝ የልጅቷን የቀዘቀዘ ሻይ አንስቼ ጠጣሁባት፤ ለኔ ያን ያህል ፈሳሽ እንደማይፈቀድልኝ እያወቀች አልከለከለችኝም።

«እንግዲህ ስብሰባው ላይ እናገረዋለን» አልኩ።

«ጋሼ፣ ብንናገር ምን ይላሉ መሰለዎት? መከላከል ውሸት ነው ብለው የኔንም ሥራ ይዘጉታል። ክፍሉንም አይመልሱትም። ከሁለት ያጣ እንሆናለን።»

«ባንናገርስ?»

ተነስታ ሄደች። ከዚያ በኋላ በራሷ መንገድ ሞክራ ነበር፤ ልኬቱ ሳይነገር በድንገት ይደረግ ብላ ማዘጋጃ ቤቱን ጠየቀች። የሰው ቤት ሳያሳውቁ መሄድ ብልግና ነው ተባለች።

እኔ ግን ለመናገር ቆርጬ ነበር። ለጎንሺሮ በአልጋችን ላይ ሆነን ነገርኩት።

«ተው፣ አታስቸግራቸው» አለኝ።

«ልትሞት እኮ ነው፣ አንተ!»

«አውቃለሁ። አንተ ደግሞ ስትጮህ ደም ግፊትህ ይነሳል። ነርሷ መጥታ ሁለታችንንም ትቆጣናለች።»

በስብሰባው ቀን አዳራሹ ሞላ። ተነሳሁ። የኮማዶሜ በርን መንገድ በጭጋግ ስነዳ እንኳን እንደዚያ አልፈራሁም።

«ክቡር ከንቲባ፣ ሽልማቱ የሾርባ ሳይሆን የማንቆርቆሪያ ነው» አልኩ። «በመለኪያው ቀን ሁሉም ቤት ውሃ ይጨመራል። እኛ ቤትም ይጨመራል። ጨው አልቀነስንም። ታማሚም አይጠፋም፤ ዛሬ አራት ነን፣ ነገ እዚህ ከተቀመጡት ውስጥ ይጨመሩብናል። ክፍሉን አትዝጉት። ኮማዶሜ በር ይዘጋል። እኔ ነኝ የምላችሁ፣ ይዘጋል።»

ጥቂቶች ሳቁ። ከንቲባውም ፈገግ አሉ። «ጋሼ ቶራዞ መቼም ቀልድ አያልቅባቸውም።»

ተናደድኩ። ወደ ሴቶቹ ዞርኩ። ሃሩኤ ነበረች፣ የጎንሺሮ ሚስት ነበረች፣ ኪኑዮም ነበረች።

«እስቲ በመለኪያው ቀን ሾርባዋ ላይ ውሃ ጨምራ የማታውቅ እጇን ታውጣ!»

አንድም እጅ አልወጣም። ሁሉም ጉልበታቸውን ያያሉ። ይኸው መሰከሩ፣ ይኸው ሁሉም አየ ብዬ ወደ መድረኩ ተመለከትኩ። ከንቲባው አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ቃኝተው፣ ለጸሐፊያቸው አንገታቸውን ነቀነቁ።

«እጅ ያወጣ የለም» አሉ። «እንግዲህ ሌላ አስተያየት ስለሌለ ውሳኔው ጸድቋል።»

ቆሜ ቀረሁ። ሰው ሁሉ ወንበሩን እያጠፈ ወደ ግድግዳው ይወስዳል፤ የኔን የሚያጥፍ ሰው መጥቶ እስክቀመጥ ወይም እስክሄድ በትሕትና ይጠብቀኛል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ሲባል እሰማ ነበር፤ የወሰደኝ ግን እያጎነበሰ ነው። መንገድ ላይ ኪኑዮ ከኋላዬ፣ «እጄን አላወጣሁም እኮ» አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት።

ክፍሉ ተዘጋ። በመከላከሉ ገንዘብ ለአዛውንቶች የሰውነት ማሠልጠኛ አዳራሽ ታደሰ፤ ያማረ ነው፣ አልዋሽም። ሁለቱ ሕመምተኞች ጓዛቸውን ጠቅልለው ልጆቻቸው ዘንድ ወደ ቆላው ወረዱ። እኔና ጎንሺሮ የምንወርድበት ልጅ ስለሌለን በአውቶብሱ መመላለስ ጀመርን። ቦርሳዬ ውስጥ ነጠላ ጫማ፣ ብርድ ልብስና ፎጣ አለ፤ ማምሻውን ኪኑዮ አዘጋጅታ በሩ ሥር ታስቀምጥልኛለች። ነርስ ሚኖዋ በእረፍት ቀኗ አብራን ትሄድ ነበር። ምንም አትለንም፤ ጎንሺሮ ሲያጥወለውለው ፌስታል ትይዝለታለች።

መንገዱ በደህናው ቀን ችግር የለበትም። ግን ከእጥበት የወጣ ሰው እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ነው፤ በዚያ ጠመዝማዛ ላይ ተቀምጦ መመለስ ሥጋን ይበላል። ጎንሺሮ መቀለድ ተወ። ያኔ ነው የፈራሁት።

የመጀመሪያው ትልቅ በረዶ ሲወርድ በሩ ተዘጋ። ድምፅ ማጉያው፣ «የኮማዶሜ በር መንገድ ለጊዜው ተዘግቷል፤ ለሚደርስባችሁ መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» አለ። የአውቶብሱ ቀን አለፈ፤ ሌላውም አለፈ። እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ አለኝ። ውሃ ሲጠማኝ በረዶ ከንፈሬ ላይ አደርግና እተፋዋለሁ። ሄሊኮፕተር ተጠራ፤ ደመናው አላስወረደውም። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ ወደ ተራራው አይ ነበር። በኔ ጊዜ ከየት ጀምሬ እንደምጠርግ፣ የትኛው መታጠፊያ ላይ ናዳ እንደሚወርድ፣ ሁሉም በዓይኔ ይሄዳል። ለማን ልንገረው? የሚጠርጉት ልጆች የሚችሉትን እያደረጉ ነው። እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ቁጭ አልኩ።

በሩ የተከፈተ ጠዋት አውቶብሱ መጀመሪያ እኔን አነሳ። መተንፈስ ከብዶኝ ስለነበር ኪኑዮና ሾፌሩ ደግፈው አስገቡኝ። ከዚያ ጎንሺሮ ቤት ደጃፍ ቆመና ጥሩንባ ነፋ። የጎንሺሮ ሚስት ሽርጧን እንደታጠቀች ወጥታ ለሾፌሩ ዝቅ ብላ እጅ ነሳች።

«አስቸገርንዎት» አለችው። «ዛሬ አይመጣም።»

ሾፌሩ ገብቶት ኮፍያውን አወለቀ። እኔ ከመስኮቱ ሆኜ የፀጉር ቤቱን መጋረጃ አየሁት፤ ተዘግቷል። ወርጄ ልገባ ብዬ ነበር፤ እግሬ አልታዘዘኝም። አውቶብሱ ይዞኝ ሄደ።

ከጎንሺሮ ቀብር በኋላ በነበረው ሳምንት ድምፅ ማጉያው ደግሞ የእኛን የላይኛውን ሰፈር ልኬት አወጀ። ድሮ በበረዶ ወራት ልኬት አልነበረም፤ አሁን ገንዘብ ስላለ ተጀመረ። ቀኑ አውቶብሱ የሚመጣበት ቀን ነበር። ቦርሳዬ በሩ ሥር ነው፣ እኔም ለብሼ ተቀምጫለሁ። ፀጉሬ ጆሮዬ ላይ ወርዷል፤ ኪኑዮ ልቁረጥልህ ስትለኝ እምቢ ብያለሁ።

ኪኑዮ ሾርባውን ሠራች። ማንቆርቆሪያው ምድጃው ላይ ይንተከተካል። ታነሳዋለች ብዬ አያታለሁ፤ አላነሳችውም። እሳቱን አጥፍታ ሾርባውን እንዳለ በሳህን ቀድታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ዛሬ የምንጠጣውን ትለካ» አለች።

ከተጋባን ጀምሮ እንደዚያ የወደድኳትን ቀን አላስታውስም።

ሃሩኤ በረዶዋን እያራገፈች ገባች። ስለ ጎንሺሮ የሚባለውን አለች፤ እኛም የሚባለውን መለስን። ከዚያ መለኪያዋን አወጣችና ነከረችው። ቁጥሩን አየች። በፎጣ ጠርጋ ደግማ ነከረችው። ፊቷ ቀላ።

«ባትሪው ሳይሆን አይቀርም» አለች።

«ባትሪው ደህና ነው፣ ሃሩኤ» አለች ኪኑዮ። «ሁልጊዜ የምንጠጣው ይኸው ነው። እንዳየሽው ጻፊው።»

ሃሩኤ አንዴ ኪኑዮን፣ አንዴ እኔን፣ አንዴ ቦርሳዬን አየች። ዓይኗ እንባ ሞላ። ክፉ ልጅ አይደለችም።

«እትዬ ኪኑዮ፣ ሐዘን ላይ ናችሁ፤ ልብ ሳትሉት ቀርታችሁ ነው» አለች ቀስ ብላ። «በዚህ ሰሞን እናንተን ማስቸገር ለኔም ነውር ነው።» ተነስታ ከምድጃው ላይ ማንቆርቆሪያውን አመጣችና የፈላውን ውሃ ሳህኑ ላይ፣ እስኪሞላ ድረስ፣ በጥንቃቄ ቸለሰችበት። በቾፕስቲክ አማሰለችው። ነከረች፣ አየች፣ ጻፈች። «ይኸው፣ በጣም ጥሩ ነው።»

ኪኑዮ አፏን ከፈተች። እናገራለሁ ብላ እንደነበር አውቃለሁ። ግን ልጅቷ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳቻት፤ ኪኑዮም ወገቧ ለምዶበት ጎንበስ አለች።

«አስቸገርንሽ» አለቻት፤ በር ድረስም ሸኘቻት።

በሩ ሲከፈት በረዶው በነፋስ ወደ ውስጥ ገባ። ከላይ ተራራው አይታይም። ወዲያው በምሰሶው ላይ ድምፅ ማጉያው ጮኸ። «የኮማዶሜ በር መንገድ በበረዶ ምክንያት ተዘግቷል፤ የዛሬው አውቶብስ አይኖርም፤ ለሚደርስባችሁ መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን። ለሾርባ ልኬቱ ላሳያችሁት ትብብር ከልብ እናመሰግናለን።»

ሳህኑ ፊቴ ነው፣ እስከ አፉ ሞልቷል። ያን ያህል ውሃ ለእኔ አይፈቀድም። ኪኑዮ ከበሩ ተመልሳ መጣች፣ ቦርሳዬን አነሳች፣ ብርድ ልብሱን አውጥታ ትከሻዬ ላይ ደረበችልኝ።